ስንተኛ ወጣች?

የካቲት 16 ቀን 1956 ዓ.ም፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተራችን አቶ ወልደ ሐዋርያት መምህራኑን ሰብስበው አንድ እንግዳ አስተዋወቁን። አቶ ፍሥሐ ይባላል። ስዊድን አገር ሁለት ዓመት ተምሮ ከገባ ወር አልሞላውም። ቀጭን ነው፤ ሲናገር ጠመኔ በጣቶቹ መካከል ያንከባልላል፣ ኮቱም ነጭ በነጭ ይሆናል።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በአንድ ክፍል ላይ አዲስ ዓይነት ምዘና ሊሞክር ነው። ማርክ የለም፤ ደረጃም የለም። አስተማሪው እያንዳንዱ ልጅ የሚችለውንና ገና የሚቀረውን በቃላት ይጽፋል።

የስድስተኛ ክፍሉ የሒሳብ አስተማሪ አካሉ እጁን አወጣና፣ "ታዲያ አንደኛ የወጣው በምን ይታወቃል?" አለ።

"አይታወቅም። አንደኛ የሚወጣ የለማ።"

ሁላችንም ሳቅን። አቶ ወልደ ሐዋርያት ግን ሳይስቁ፣ "የተመረጠው ክፍል አራተኛ ነው" አሉ። አራተኛ ክፍል የእኔ ነው። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ስለ ልጆቹ በቃላት ለመጻፍ ሞከርሁ። የሺመቤት፦ ጎበዝ። ሁሴን፦ ጎበዝ፣ ዝምተኛ። ጂቱ፦

ስለ ጂቱ ምን ይጻፋል? ከከተማ ዳር፣ ከካራ፣ በእግሯ የምትመጣ፣ ከሁሉም በቁመት የምትበልጥ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወጣ ልጅ ናት። መጨረሻ ብሎ መጻፍ ደግሞ አይፈቀድም።

አቶ ፍሥሐ አይቶ፣ "ይህ እኮ ያው ማርክ ነው፣ በፊደል ተጻፈ እንጂ" አለኝ። "ጎበዝ ሲሉ ምን ማድረግ ትችላለች ማለትዎ ነው?"

የሺመቤት ምን ማድረግ ትችላለች? አንደኛ መውጣት። ሌላ አልመጣልኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስተምር ምን ሳይ ኖርሁ?

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

አቶ ፍሥሐ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያየኝ ዋለ። ክፍልፋይ ሳስተምር ተሳሳትሁ፤ ልጆቹ አረሙኝ። ደብተሩን ዘግቶ ወጣ። ምን ብሎ ጽፎብኝ ይሆን? ሰማያዊውን ቀሚስ መልበስ አልነበረብኝም። ጾም ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ ነበር።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ዛሬ አንድ ነገር አየሁ።

ልጆቹ ማባዛት ሲሠሩ በወንበሮቹ መካከል እየዞርሁ ነበር። ጂቱ አጠገብ ስደርስ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብዬ ሰማሁ፤ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…" ትላለች። የምትቆጥረው በኦሮምኛ ነው። መልሱን ታገኘዋለች። ከዚያ ወደ አማርኛ ስታዞረው ቁጥሩ ይጠፋባታል ወይም ሌላው ይቀድማታል። እጇን ዝቅ ታደርጋለች፤ እኔም አታውቅም ብዬ አልፋለሁ።

"ጮክ ብለሽ በራስሽ ቋንቋ ንገሪኝ" አልኋት። ደነገጠች። ቅጣት መሰላት። ደጋግሜ ስለምናት ነገረችኝ፤ ልክ ነበር። የሚቀጥለውም ልክ ነበር። ኦሮምኛ የሚያውቁት ልጆች ሳቁ፤ ግን ክፉ ሳቅ አልነበረም።

ለአቶ ፍሥሐ ልነግረው ወደ መምህራን ክፍል እየሮጥሁ ነው የሄድሁት። መሮጤን ያወቅሁት አካሉ "ምን ተቃጠለ?" ሲለኝ ነው።

መጋቢት 13፣ እሑድ

መምህራኑ ተሰባስበን እንጦጦ ማርያም ደርሰን ተመለስን። ስንወርድ እኔና አቶ ፍሥሐ ወደ ኋላ ቀረን። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ባሕር ዛፉ ቅጠሉን አራግፎበታል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲመጡ ጥግ እየያዝን እናሳልፋለን።

ስለ ሥራ ነው ያወራነው። ልጅ ሳለ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ አንዱ እንደ ነበረ ነገረኝ። አባቱ ካርዱን ለጎረቤት ጮክ ብለው ያነቡ ነበር አሉ። "ስዊድን ስገባ ያልለመድሁት ብርዱን አይደለም" አለ። "ልጆቻቸውን ገና በትንሽነታቸው ከፍሎ ማስቀመጡን እየተዉ ነው። ክፍል ውስጥ ገብቼ ስጠይቅ ማን ስንተኛ እንደሆነ የሚነግረኝ ልጅ አጣሁ። ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ለምን እንዳለቀስሁ ዛሬም አላውቅም።"

ድንጋዩ ላይ ስደናቀፍ እጄን ይዞ፣ "ቀስ በይ" አለኝ። በይ ነው ያለኝ። ሳያስበው ይመስለኛል። ወዲያው ደግሞ እርስዎ ማለቱን ቀጠለ።

አክስቴ በለጡ ቤት ስገባ ፊቴን አይታ፣ "ፀሐይ መትቶሻል" አለችኝ። ደመና ነበር።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

አሁን መጻፍ ቻልሁ። ስለ ጂቱ አንድ ገጽ ሞላሁ። "ሁለት አኃዝ በሁለት አኃዝ ታባዛለች። ስታስብ ጊዜ ሊሰጣት ይገባል። የአማርኛ ንባብ ላይ የቃሉን መጨረሻ ትውጣለች።" ስለ ሁሴንም ጻፍሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ያልገባውን እስኪገባው የማይተው ልጅ መሆኑን እስከ ዛሬ አላስተዋልሁም ነበር።

የሺመቤት ግን እየባሰባት ነው። የቤት ሥራ አትሠራም። ምን ነካሽ ብላት፣ "ቲቸር፣ ለምን ልሥራ? አንደኛ የለም ብለዋል እኮ" አለችኝ። ለአቶ ፍሥሐ ስነግረው፣ "የድሮው በሽታ እየወጣላት ነው፤ ጊዜ ይስጧት" አለ። ይሆናል። አንድ ወር ተኩል ሊሞላ ነው። አንዷ ስትነሣ አንዷ ወደቀች። ይህ ዘዴው ነው ወይስ እኔ?

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ

ስቅለት። ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን፤ ጉልበቴ አልቋል።

አክስቴ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ስታወራ ሰማሁ። "ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰውየው ጥሩ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት ነው፣ ቤት አለው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፍሥሐ እንዲህ አለ፣ ፍሥሐ እንዲህ አለ ነው።"

ውሸት ነው። የምናገረው ስለ ዘዴው ነው።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው።

ወላጆች ተጠርተው መጡ። ለእያንዳንዳቸው የልጃቸውን ገጽ ሰጠሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት አነበብሁላቸው። አቶ ፍሥሐ ስለ ሠለጠኑት አገሮች ተናገረ። በጸጥታ ሰሙት። ሲጨርስ የየሺመቤት እናት ወይዘሮ ብዙነሽ ተነሥተው፣ "ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ነበረች። አሁን ከማንም ጋር ደባልቃችሁ 'ንባቧ ጥሩ ነው' ትሉኛላችሁ? ልፋቷን የት አደረሳችሁት?" አሉ። ግቢው በጩኸት ተሞላ።

የጂቱ አባት አቶ ቱሉ ዱጋሳ ሁሉም እስኪወጣ ቆይተው ወደ እኔ መጡ። ገጹን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ስለ ቁጥሯ የጻፍሁትን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ከዚያ፣

"እትዬ፣ ጥሩ ነው። ስንተኛ ናት ታዲያ?" አሉኝ።

"በዚህ ዓመት ደረጃ የለም፣ አቶ ቱሉ።"

"የለም ማለት? ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ።"

"እኔም አላውቀውም።"

ዞር ብለው የቀረ ሰው አለመኖሩን አዩ። ከዚያ ነገሩኝ። ጂቱን ለትዳር የጠየቀ ሰው አለ። ወንድሞቻቸው ትሰጠው እያሉ ነው፤ መጨረሻ ለምትወጣ ልጅ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል እያሉ። እሳቸው ቤተ ዘመድ ሰብስበው ቃል ሰጥተዋል፤ ዘንድሮ እስከ አሥር ከገባች ትማራለች፣ ካልገባች ይሆናል የተባለው ይሆናል።

"ይህን ወረቀት ይዤ ብሄድ" አሉ ገጹን እያሳዩኝ፣ "ወንድሞቼ አስተማሪዋ አዘነችልህ ነው የሚሉኝ። ቁጥር ስጡኝ፣ እትዬ። ከቁጥር ጋር ማንም አይከራከርም።"

ልጅቱ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ለፍሥሐ ነገርሁት። በጣም አዘነ። ግን፣ "ለአንዷ ብለን ቁጥር ከሰጠን ሁሉም ነገር ተመልሶ ይመጣል" አለ። "አባትየውን ላነጋግራቸው።" ካራ ድረስ ሄደ። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነበር። "በጣም ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወተት አጠጡኝ" አለ። እሺ አሉ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "ስንተኛ ናት አሉኝ" አለ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

አካሉ ሻይ እየጠጣ፣ "የእኛ ሰው ሊሄድ ነው፣ ሰምተሻል?" አለኝ። ፍሥሐ እንግሊዝ አገር ሊማር ነው። ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው ተፈትኖ እሱ አንደኛ ወጣ።

"አንደኛ" አልሁ።

"አንደኛ! ዳይሬክተሩ እንኳ ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ።"

መቼ ተፈተነ? ከእንጦጦ ማርያም ስንወርድ ያውቅ ነበር? ምኔ ናት ብሎ ይንገረኝ።

ራሴን አሞኛል። ልጆቹን ቶሎ ለቀቅኋቸው።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ራሱ መጣ። ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ሰሌዳ እያጠፋሁ ነበር።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"ምን ልትማር ነው የምትሄደው?"

"ምዘና።"

"እዚያስ ደረጃ የለም?"

"እንግሊዞች ልጆቹ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ይፈትኗቸዋል። ያ ፈተና የትኛው ልጅ ወደ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይለያል። አእምሯቸውን እንለካለን ይላሉ። ሳይንስ ነው ይላሉ።"

"ስዊድኖቹም ሳይንስ ነው አላልህም?"

"ብያለሁ።"

"ሁለቱም የሠለጠኑ ናቸው።"

"ሁለቱም።" አንድ ጠመኔ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። "እኔም ግራ ገብቶኛል፣ የማርያምወርቅ። ግራ ባይገባኝ ዳግመኛ ለመማር አልሄድም ነበር።"

የተናደድሁት ለጂቱ ብዬ ነው። "ተፈትነህ አንደኛ ወጥተህ ቦታህን አገኘህ" አልሁት። "ያቺ ልጅ ግን እንድትፈተን አትፈቅድም።" ፊቱ ተለወጠ። ያልሁት ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን ደስ አላለኝም።

ግንቦት 24፣ ሰኞ

አቶ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ገብቼ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና እንደ ድሮው ይሁን አልሁ። እሳቸውም ይህንኑ ሊያዙ ነበር፤ ወላጆች አመልክተዋል። "ራስሽ መጠየቅሽ ደስ ይላል" አሉኝ። ሙከራው ቆመ። እኔ አስቆምሁት ይባላል። ይበሉ።

ጂቱን ከትምህርት በኋላ እያስቀረሁ አማርኛ አስጠናታለሁ። ሌሎቹን አላስጠናሁም። ለሌሎቹ የሚያሰጋ ነገር የለም።

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

ፈተና። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ቃል የማስጻፉን ፈተና ጮክ ብዬ አነበብሁ። ጂቱ ብዕሯን እንደ ማረሻ ጨብጣ ነው የምትጽፈው። ስትሳሳት አየሁ። እንድትሰርዘው ፈልጌ ዓይኔን መለስሁ።

ሰኔ 14፣ እሑድ

አርሜ ጨረስሁ። የሺመቤት አንደኛ። እንዴት እንደደረሰችበት እግዜር ይወቅ፤ ቁጥሩ ይመለሳል ሲባል ሰምታ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነሣች።

ጂቱ አሥራ አንደኛ። አሥረኛው ሁሴን ነው። በአንድ ነጥብ።

ሁለት ጊዜ ደመርሁ። በአንድ ነጥብ ነው።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

የጂቱን ወረቀት እንደገና አየሁት። ማየት መብቴ ነው፤ አስተማሪ ያረመውን ሊመለከት ይገባል። ማስጻፉ ላይ "ፀሐይ" የሚለውን "ጠሀይ"፣ "ጽሑፍ" የሚለውን "ጥሁፍ" ብላ ጽፋለች፤ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ። እኔስ ቤቴ ምን እላለሁ? አክስቴ ጠሀይ ነው የምትለው። መንደሩ ሁሉ ጠሀይ ነው የሚለው። ልጅቱ የሰማችውን ነው የጻፈችው፤ ስሕተት አይባልም። ከልክ በላይ አጥብቄ ነበር። ሁለቱን ነጥብ መለስሁላት።

አሥረኛ ሆነች። ሁሴን አሥራ አንደኛ ነው፤ ለእሱ የሚለውጠው ነገር የለም።

የሌሎቹን እንደገና አላየሁም። ጊዜ የለኝም። ነገ ሮስተሩ ይገባል።

ሰኔ 18፣ ሐሙስ

ፍሥሐ ዛሬ ሄደ። ጠዋት ተማሪ ቤት ድረስ መጥቶ ተሰናበተን። ሌሎቹ ቦሌ ድረስ ሸኙት፤ እኔ ካርድ እጽፋለሁ ብዬ ቀረሁ። ጨብጦኝ፣ "ጻፊልኝ፤ ጂቱ ምን እንደሆነች" አለኝ።

"አሥረኛ ወጣች" አልሁት።

ተደሰተ። እሱ! "በእውነት?" አለ፣ ዓይኑ እያበራ። "አሥረኛ!"

አዎ አልሁት።

በእውነት ወይ ብሎ የጠየቀኝ ለደስታው ነው እንጂ ሊመረምረኝ አይደለም።

ሰኔ 27፣ ቅዳሜ

የትምህርት መዝጊያ። ዝናቡ ስላባራልን ሜዳው ላይ ሆነ። ስም እየተጠራ ደረጃ ተነገረ።

አቶ ቱሉ ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ይዘው መጥተው ነበር። "ጂቱ ቱሉ፣ አሥረኛ" ሲባል ታላቅ ወንድማቸው እንደገና እንዲደገም ጠየቀ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ደገሙት። ጂቱ ካርዷን በሁለት እጇ ተቀብላ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። በሜዳው ላይ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። አባቷ ለወንድሞቻቸው ካርዱን ሰጡ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ታላቁ ልጅቱን ግንባሯን ሳማት። አለቀ ማለት ነው። ትማራለች።

ቆሜ እያየሁ ደስ አለኝ።

ሁሉም ሊበተን ሲል ሁሴን መጣ። አልተቆጣም።

"ቲቸር፣ ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?"

"ለምን?"

"የቀረኝን ለማየት። አቶ ፍሥሐ የሚቀረን ነገር ከደረጃው ይበልጣል ብለውን ነበር። ክረምቱን እሱን ላጥና ብዬ ነው።"

ቢሮው ተቆልፏል አልሁት። አልተቆለፈም ነበር።

ሰኔ 28፣ እሑድ

ቅዳሴ አስቀደስሁ፤ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ከሰዓት፣ ትናንት ከቢሮ ካመጣኋቸው ወረቀቶች መካከል የእሱን አወጣሁ። ሁሴን "ጽሑፍ"ን አስተካክሎ ጽፏል። "ፀሐይ"ን ጠሀይ ብሎታል። አንድ ነጥብ ቀንሼበታለሁ፣ በዚሁ በቀዩ እርሳስ።

ያም ስሕተት ካልሆነ ይህም አይደለም። አንዱን ብመልስለት ከጂቱ እኩል ይሆናል።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ጂቱ ላይ መጥፎ ይመጣ ይሆን? እኩል ከሆኑ አይመጣም። የጂቱ ደረጃ አይነካም። ታዲያ ምን ያስፈራኛል? ሌሎቹስ ወረቀቶች ውስጥ ስንት ጠሀይ አለ? አላየሁም። ለማየት ፈራሁ።

አክስቴ ያ ሰው ሐሙስ ሽማግሌ ይልካል አለች። አይላክ አልኋት። ለምን ብትለኝ፣ አሁን ስለ ሌላ ነገር እያሰብሁ ነው አልኋት። እውነት ነው።

ሰኔ 29፣ ሰኞ

ጠዋት አቶ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ገባሁ። ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ ስለ ጠሀይ ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አዩ። እሳቸው ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸው፤ በፊደል ቀልድ አያውቁም።

"የማን ስሕተት ነው?" አሉ።

"የእኔ ነው።"

"የትኛው? መጀመሪያ የቀነስሽው ነው ወይስ በኋላ የመለስሽው?"

ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግሜ አየሁ። ደጅ ዘበኛው ሣር ሲያጭድ ይሰማል።

"ብትመልሺ አላምንሽም ነበር" አሉ። ሮስተሩን ከመሳቢያ አወጡ። የጂቱን ስም ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ አባቷ ከወንድሞቻቸው ጋር ሲመጡ አይተዋል፣ ለምን እንደመጡም ሳያውቁ አይቀሩም። ከሁሴን አጠገብ የነበረውን ቁጥር ሰርዘው "አሥረኛ" ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበት።

"ሁለት አሥረኛ። የሚቀጥለው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ነው፤ እንዳለ ይቆይ።"

"ሌሎቹ ወረቀቶችስ?"

"ሐምሌን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ታያቸዋለሽ። እዚህ፣ በእኔ ፊት። በአንድ ዓይነት ዓይን።" ከዚያ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሬ እንደሚገባ ነገሩኝ። እሺ አልሁ። ስወጣ፣ "የሰጠሻት ነጥብ ለሌላው ይገባ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብሽ እንጂ መስጠትሽ ላይ ቃል የለኝም" ያሉኝ መሰለኝ። ወይም እንዲሉኝ ስለፈለግሁ ነው የሰማሁት።

አዲሱን ካርድ ራሴ ይዤ ወደ ሾላ ወረድሁ። የሁሴን አባት ሱቅ በር ላይ ስፌት ላይ ነበሩ፤ ልጁ አጠገባቸው ቁልፍ ይተክላል። ካርዱን ሰጠሁት። አባትየው ተነሥተው እጅ ነሡኝ፣ ወንበር አቀረቡልኝ። ሁሴን ካርዱን አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ የሚፈልገው ሌላውን ነው። የፈተና ወረቀቱን ሰጠሁት።

በቀይ የተሰመረበት ላይ ጣቱን አኖረ።

"ቲቸር፣ ሰው ሁሉ ጠሀይ ነው የሚለው እኮ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ስሕተት ሆነ? ደግሞ ለምን ትክክል ሆነ?"

አባትየው መርፌያቸውን አቁመው እኔን አዩኝ። ስለ ፊደል ልነግረው ጀመርሁ፣ ስለ አነጋገርና ስለ አጻጻፍ፣ መካከል ላይ ራሴው ጠፋሁ። ልጁ ግን አልተወኝም፤ እስኪገባው አይተውም። ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ ካርቶን ላይ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ጻፍሁለትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።